ያቀናሁት ጀርባ

ጀርባው ቀጥ ያለ ጎረምሳ በመንገድ ሲያልፍ ሳይ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ «ቀጥ በሉ!» እያለች ሰው ስታስጨንቅ ለኖረች የስፖርት መምህርት ይኼ የሚያስቅ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ምክንያት አለኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ህንዳዊት ነው። በደርግ ዘመን እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ግቢው ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቀጭን፣ አጭር፣ ኮስተር ያለች ሴት ነበረች። እኔ ደግሞ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በዚያ ወበቅ ተማሪ ሳሯሩጥ የምውል ጉረኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆማ ስታየኝ ቆየችና በተሰባበረ አማርኛዋ «አንቺ መሮጥ ታውቂ። መቆም አታውቂ» አለችኝ። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ወገቤ ሁልጊዜ እንደሚያመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም፤ አቋቋሜን አይታ ነው።

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ወንዱ የጫት በርጫውን ይዞ ይጋደማል፣ መንገዱ ለፍየል ይቀራል። እኔና ህንዳዊቷ በዚያ ሰዓት ኒሙ ስር ሰሌን ዘርግተን ዮጋ እንሠራ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ መቆም ነው። ሁለት ሳምንት መቆም ብቻ! ቀጥሎ መተንፈስ። ጎንበስ ማለትን የፈቀደችልኝ ከወር በኋላ ነው። ጀርባን በጉልበት መጎተት ለእሷ ነውር ነበር። ትንፋሹን ጥሪው፣ ጀርባው ተከትሎ ይመጣል ትለኛለች። ሌላም ነገር ብላኝ ነበር፤ ያኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም። ሰውነት የአስተማሪውን ድምፅ አንዴ ከለመደ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ስለዚህ ድምፅሽን ጠብቂ አለችኝ። ኮንትራቷ አልቆ ወደ አገሯ ስትሄድ ሰሌኑን ተወችልኝ።

ብቻዬን ሰሌን ላይ መቀመጡ አልሆነልኝም። የማውቀውን ነገር ካላስተማርኩ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። ቀበሌ ሄጄ አዳራሹን በጠዋት እንዲፈቅዱልኝ ማመልከቻ አስገባሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዮጋ ማለት ምንድን ነው?»

«ሰውነት ማፍታቻ ነው ጓድ።»

«ሃይማኖት አለበት?»

«የለበትም ጓድ።»

«ፖለቲካስ?»

«ወገብ ብቻ ነው ጓድ።»

ትንሽ አሰበና «ዮጋ» የሚለውን ሰርዞ «ለምርት የሚያበቃ የአካል ማጎልመሻ» ብሎ ጻፈበት። በዚህ ስም ተፈቀደልኝ። ሕዝቡ ግን «የህንድ ስፖርት» ነው ያለው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን ሰጉ፤ የመስጊድ ሰዎችም ሰጉ። በአንድ ነገር ሁለቱን ወገን ማስማማቴ ቀላል አይደለም።

ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ከአዳር ፈረቃ ወጥተው እግራቸው እንዳበጠ ይመጣሉ። ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌም ነበር፤ እሱ የሚመጣው ለወሬ ይመስለኛል። ያስተማርኳቸው ጭንቅላት ላይ መቆም አይደለም። የውሃ ጀሪካን ከመሬት ሲያነሱ ጉልበትን እንጂ ወገብን እንዳያጥፉ፣ ስኳር ለመውሰድ በኅብረት ሱቅ ሰልፍ ግማሽ ቀን ሲቆሙ ክብደታቸውን በሁለቱም እግር እኩል እንዲያደርጉ፣ ስብሰባ ላይ ስማቸው ተጠርቶ ልባቸው ሲመታ ካስገቡት አየር የሚያስወጡትን እንዲያስረዝሙ ነው። ያ ዘመን ልብ የሚመታበት ነገር አያጣም ነበር። ልጇ የት እንደገባ የማታውቅ፣ ባሏ የታሰረባት፣ ወንድሟ ጠረፍ የተሻገረባት ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይተነፍሳሉ።

ሁለት ድምፅ ነበረኝ። አንዱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ እንደ ፊሽካው ጆሮ ይበሳል። ሌላው የአዳራሹ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል። በዚያኛው የምላቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ «አስገቡ… ያዙ… እየለቀቃችሁ ውረዱ።»

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት በዱላ ተደግፎ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ከወገቡ በላይ ወደ ግራ ታጥፏል፤ ሲያዩት የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። መጋላ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ በጅቡቲ በኩል የገባ የኮንትሮባንድ ሱሪ እያጠበበ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው። ከፋብሪካዋ ሴቶች አንዷ ጎረቤቱ ነበረች፤ እሷ ነች የላከችው።

«አቦ ቲቸር፣ የህንድ ስፖርት እዚህ ነው?» አለኝ።

«እዚህ ነው። ምን ሆነህ ነው?»

«መሬት መሬት ሳይ ሰለቸኝ፤ ወላሂ የሰው ፊት ናፈቀኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እንዲህ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ጨርቅ ጭኖ ከጅቡቲ በባቡር ሲመጣ ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ፖሊሶቹ፣ ለፍተሻ ወጡ፤ ጥቅሉን አቅፎ ከሚሮጥ ባቡር ዘለለ። ጨርቁ ተረፈ። ወገቡ ግን አልተረፈም። ያኔ ሐኪም ቤት የሰጡትን ወረቀት እናቱ ቀበሌ ወስዳ «የማይሠራ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ለጥበቃ አይጠራም፣ ለዘመቻ አይጠራም። ስድስት ዓመት በዱላ ሄደ።

የመጀመሪያውን ቀን ሰሌን ላይ ለማስተኛት ሁለት ሴቶች ደግፈውልኛል። እንደ ህንዳዊቷ ወግ መቆም ብቻ ላስተምረው አልኩ፤ ቆሞ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ላቡ ወረደ። በረንዳው ድረስ ሄጄ አሠራሩንም አየሁ። የስፌት መኪናው ዝቅ ብሎበት እንደ ጎማ ተጠቅልሎ ነው የሚሰፋው። ከባቡር ግቢ የተጣለ የሐዲድ እንጨት አስቆርጬ ከመኪናው እግር ስር አስገባሁለት። መርገጫውን በረገጠ ቁጥር አየር እንዲያስወጣ አስለመድኩት። በሦስተኛው ወር ጀርባው ላይ ተኝቶ እንቅልፍ እንደወሰደው ነገረኝ። በስድስተኛው ወር ግራ ትከሻው ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ። በስምንተኛው ወር እኔ «እየለቀቃችሁ ውረዱ» ስል መዳፉ መሬት ነካ። ከክፍሉ ሁሉ መሬት የሚነካ እሱ ብቻ ነበር። እኔ እንኳ በጣቴ ጫፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ዓርብ እናቱ ቤቴ መጣች። ልጇ «አዮ» ይላታል፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ የሰፈሩም ሰው እንደዚያው ይጠራት ስለነበር እኔም አዮ አልኳት። ድሬ ላይ ደግሞ አንቱ መባባል የለም፤ እንደ እኩያ ነው የምናወራው። በሳህን ሐልዋ ይዛለች። ልጇ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ የሚሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን መስጊድ ውስጥ እንደ ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት አድርጎ ሰገደ። አዮ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። «ያ ረቢ፣ ይቺን እጅ አይንሳኝ!» እያለች ሁለቱንም መዳፎቼን ሳመቻቸው። እኔም ሐልዋውን እየበላሁ ኮራሁ። ደብቄ ምን ይጠቅመኛል፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዱላውን ለአንድ የሱቅ ዘበኛ ሽማግሌ ሰጠው ብላ ስትነግረኝ ደግሞ የበለጠ ኮራሁ።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ።

የወጣቱ ስም በየቀበሌው ይለቀም ጀመር። ከሰፈሩ ጎረምሳ የቻለ ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ኮበለለ። ልብስ ሰፊው ግን ከወደቀ ወዲህ ባቡር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ እናቱንም ብቻዋን ጥሎ የሚሄድ ልጅ አልነበረም። ደግሞም ወረቀቱ አለ። መዝገቡ ላይ እስካሁን «የማይሠራ» ነው። ከዚያ በኋላ ግን የታመመም፣ አልችልም ያለም ሁሉ ቀርቦ እንደገና ይመርመር የሚል ትእዛዝ መጣ። መርማሪዎቹ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጡት፤ እሱን አያውቁትም። ተስፋችን በዚህ ላይ ነበር። ለእኔም በትምህርት ቤቱ በኩል ደብዳቤ ደረሰኝ፦ የስፖርት መምህርት ስለሆንሽ በምርመራው ቀን ተገኝተሽ እንቅስቃሴ ታሠሪያለሽ።

በምርመራው ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ ከተማው ተኝቶ ሳለ ወደ መጋላ ሄድኩ። እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለዋል። «ዱላህ የት አለ?» አልኩት። ሦስታችን ተነስተን ዘበኛው ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ዱላውን ከልቡ ወዶታል፤ እጀታውን በቆዳ ጠቅልሎታል። የተሰጠ ነገር አይመለስም ብሎ ተቆጣ። አዮ በኦሮምኛ ለመነችው፣ አለቀሰችበት፤ በመጨረሻ ወርውሮ ሰጠን።

ቤት ተመለስንና እኔ መምህርቷ ጉብጠት ማስተማር ጀመርኩ። ግራ ትከሻህን ጣል። ትንፋሽህን ያዝ፣ ሆድህን አጥብቅ። ዳሌህን ወደ ላይ ሳብ። ዓመት ሙሉ አታድርግ ያልኩትን ሁሉ አድርግ አልኩት። አልሆነለትም። አንዱን ሲያጎብጥ ሌላው ይቀናል። ዘንድሮ ገና የቀና ጀርባ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ሰውየው ሊያሳየው እንጂ ሊደብቀው አይወድም።

«አቦ ቲቸር፣ እንዴት ነበር የምሄደው? ረሳሁት እኮ!» ብሎ ሳቀ።

አዮ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ከፊቱ ቆመችና ወደ ግራ ታጠፈች፣ እግሯን እየጎተተች ክፍሉን ዞረች። ልክ እሱን ነበር የምትመስለው። ስድስት ዓመት ከኋላው ስትሄድ አካሄዱን አጥንታዋለች። እሱም እናቱን እያየ ተከተላት፤ ሁለቱም ጎብጠው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዞሩ። በመጨረሻ መጣለት። «ቶሌ፣ ጥሩ ነው፣ በቃ እንዲህ ነህ» አለችው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጠረግሁ።

በማግስቱ ሜዳው በሰው ሞልቶ ደረስኩ። ከአጥሩ ውጪ እናቶች፣ ከአጥሩ ውስጥ ልጆቻቸው። ጠረጴዛ ኋላ አንድ ሐኪም፣ አንድ ካድሬ፣ አንድ ወታደር ተቀምጠዋል። ልጆቹን በአሥር በአሥር እያሰለፉ ያቀርቡልኛል። እኔ «ቁጭ! ብድግ! ዝለል! ጎንበስ!» እላለሁ። ሐኪሙ ያያል፣ ይጽፋል። በፊሽካው ድምፄ ነበር የማሠራው፤ ሆን ብዬ ነው፣ ከአዳራሹ ያመጣሁት ነገር እንዳይኖር።

እሱ በሦስተኛው ምድብ ውስጥ ነበር። በዱላው ተደግፎ እግሩን እየጎተተ ገባ። እንዴት አድርጎ ጎበጠ! ወረቀቱን አቀረበ። ሐኪሙ ወረቀቱንም እሱንም አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በእጁ ወደ ዳር ቁም ሊለው ሲል ካድሬው አቋረጠው።

«ዱላ የያዘ ሁሉ ሊቀር ነው? ዛሬ ሰባተኛው ነው። ሰልፉ ውስጥ ይግባና ይሞክር፤ ካቃተው እናየዋለን።»

ወደ ሰልፉ መለሱት። ቁጭ ብድግ ላይ ወደቀ፤ ደህና አድርጎ ነው የወደቀው። ዝላዩን አልሞከረውም። ሐኪሙ እየጻፈ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

ከእሱ ቀጥሎ የቆመው ልጅ ገና ጺም ያላወጣ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። ከወዲያ ያለው ደግሞ እያለቀሰ ነው፣ አፉን በእጁ ይዟል። አሥሩም ትንፋሽ አጥሯቸው ደረታቸው ይመታል። ድምፄም ከጠዋት ጀምሮ ስጮህ ሰልሏል። አሳዘኑኝ። ሌላ ምን እላለሁ፣ አሳዘኑኝ። የምሰጣቸው ምንም አልነበረኝም። ከዚያች ሜዳ ላወጣቸው አልችልም፤ ትንፋሽ ማረጋጋት ግን እችላለሁ። ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«አስገቡ…» አልኩ። «ያዙ… እየለቀቃችሁ ውረዱ።»

ዱላው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

ዘጠኙ ጉልበታቸው ጋ ተንጠልጥለው ቀሩ። እሱ ግን ወረደ። አከርካሪው አንድ በአንድ እየተፈታ፣ አንገቱ ለቆ፣ ግንባሩ ከጉልበቱ ገጥሞ፣ ሁለት መዳፉን መሬት ላይ አሳረፈ። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ያማረ ጎንበስ ማለት ነበር። «ተነሱ» ማለት አቃተኝ። እኔ ተነሱ ስላላልኩ እሱም አልተነሳም፤ ዘጠኙ ቀና ብለው ሲያዩት እንዳጎነበሰ ቆየ። በክፍላችን ደንብ እንዲህ ነበር።

ካድሬው እጁን አጨበጨበ። «ይኼማ ኮማንዶ ነው!» አለ። ጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሳቁ። ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም፤ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ የጻፈውን ሰረዘ።

ያኔ ነው ልጁ ቀና ያለው። መጀመሪያ እጆቹን አየ። ቀጥሎ ዱላውን። ቀጥሎ እኔን። የተቆጣ ፊት ፈልጌበት ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አቦ ቲቸር…» አለና ፈገግ አለ፣ የተያዘ ልጅ እንደሚስቀው። ቀጥ ብሎ እየተራመደ ወደ ተመረጡት ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስንት ጊዜ ለተማሪ ተርቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ምርመራው ሲያልቅ ዱላውን አንስቼ ወደ መጋላ ሄድኩ። አዮ በር ላይ ቆማ ነበር። ዱላውን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፣ እጀታው ላይ ያለውን ቆዳ አየችው፣ በሩን ዘጋችው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች። እኔም ስለ ልጅዋ እያሰበች እንጂ ነገሩን አውቃ አይመስለኝም ነበር። ማን ይነግራታል? ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ምን እንዳልኩ የሰማ የለም።

አዳራሹን ዘጋሁት። ሴቶቹ ሁለት ሦስት ጠዋት መጥተው ተመለሱ። ለቀበሌው ጊዜ የለኝም አልኩ፤ እነሱም ለስብሰባ ስለፈለጉት ደስ አላቸው። ሰሌኑን ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ኋላ አቆምኩት። ትምህርት ቤት ግን ፊሽካዬን መንፋት አልተውኩም፤ እንጀራ ነው። ቤት ገብቼ አንድ ጊዜ እንኳ አላጎነበስኩም። ወገቤም የድሮ ሕመሙን ቀጠለ፤ ይበለኝ ብዬ ተውኩት።

ከወራት በኋላ በትምህርት ቤቱ አድራሻ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከማሠልጠኛ ነው። እሱ ጽሕፈት ብዙ አይሆንለትም፤ ጥቂት መስመር ነች። ደህና ነኝ ይላል። እዚህ ጀርባው የሚያመው ሰው ብዙ ነው፣ ማታ ማታ የአንቺን አስተምራቸዋለሁ፣ አሥር አለቃው ሳይቀር ተኝቶ ይተነፍሳል ይላል። መጨረሻ ላይ «አዳራሹን እንዳትዘጊ» ብሏል። ደብዳቤውን አጥፌ ሰሌኑ ውስጥ ከተትኩት። መልስ አልጻፍኩም። ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቻለሁ! ይቅርታ ልል፣ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚያ ነገር አንሶብኝ፣ ሳልጽፍ ቀረሁ። ዛሬ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አንድ መስመር ብጽፍለት ምን ነበረበት?

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ አብሮት ከሄዱት አንዱ፣ ያ ሰልፉ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው፣ አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ በክራንች ተመለሰ። አንድ ተራራ ላይ አብረው እንደነበሩ፣ ከዚያ ተራራ እሱ እንዳልወረደ ለአዮ ነግሯታል ተባለ። መንግሥት ምንም አላላትም። መርዶ ነጋሪ አልመጣ፣ ድንኳን አልተተከለ። ልቅሶ ልድረስ ብዬ ተነስቼ ወደ መጋላ የሚያሻግረው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ መሐል ደርሼ ተመለስኩ።

እንዲህ ስንሸሻሽ ሌላ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አዮ ናት። ያን ዱላ ተደግፋለች። ከወገቧ በላይ ወደ ግራ ታጥፋለች። መጀመሪያ የማየውን አላመንኩም፤ ያን ቀን በክፍሏ ውስጥ ስታስመስል ያየኋት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የምታስመስል አልነበረችም።

ግቢ አልኳት። ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ በግድ ተቀመጠች።

«መኪናው ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው» አለች። «ማን ይቀመጥ? ሱሪ እየሰፋሁ ሦስት ዓመቴ።»

«እንጨቱ አለ? ከስሩ ያስገባሁት?»

«እሱን ለማገዶ አነደድኩት። ያንቺ ስለሆነ።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ልጆቹ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ድምፄ፣ ስለ ወደቀው ዱላ። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ሊወስዷቸው ሲሉ ምግብ ይዤ ሄጄ በአጥሩ ነግሮኛል። አዮ፣ ድምፅዋን ስሰማ በሽተኛ መሆኔን ረሳሁት አለኝ። አትያዢባት ደግሞ አለኝ።»

«አዮ፣ ይቅር…»

«አይ!» በዱላው ወለሉን መታችው። «ይቅር አላልኩሽም። ልጄ አትያዢባት አለ፤ እኔ ግን ይዤብሻለሁ። ውሸት ምን ያደርጋል? ወገቤን ግን ያመኛል። ከአንቺ ሌላ የት እሄዳለሁ?»

ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሰሌኑን አወጣሁ። ስዘረጋው ደብዳቤው ወደቀ፤ አንስቼ አነበብኩላት። «አዳራሹን እንዳትዘጊ» የሚለው ላይ ስደርስ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ደግፌ አቆምኳት። ዱላውን ተቀብዬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ፊቷ ቆምኩ። በፊሽካው ድምፅ «አንድ…» ብዬ ስጀምር ራሷን ነቀነቀች።

«እንደሱ አይደለም። ለሱ እንደምትይው በይኝ።»

«አስገቢ…» አልኳት። «ያዢ… እየለቀቅሽ ውረጂ።»

ወረደች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። እጆቿ ጉልበቷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ከዚያ አልፈው አልሄዱም። እንዳጎነበሰች፣ ፊቷ ሳይታየኝ ጠየቀችኝ።

«እሱ የት ድረስ ነበር የሚደርሰው?»

«መሬት» አልኳት።

አየር አስገባች፤ እንደገና ሞከረች።